የዕለት ፍርፋሪ

ሚስቴ በሰበረችው ብርጭቆ ብዙ ሰው ተጽናንቷል። ለቀልድ ብዬ አይደለም። አንዲት ሴት ከሐዋሳ ደውላ፣ ስለዚያ ብርጭቆ የጻፍኩትን አንብባ ከባሏ ጋር መታረቋን ነግራኛለች። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሻዬን ጠጣሁ። ሻዩ የቀረበልኝ በፕላስቲክ ኩባያ ነበር። ለምን በፕላስቲክ እንደሆነ ተናኘን አልጠየቅኳትም።

ወጋየሁ እባላለሁ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስከፍት፣ ቀን ስጽፍና የጠፋ ወረቀት ስፈልግ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ከባለቤቴ ከተናኘ ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ልጅ አልሰጠንም። ተናኘ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እኔ ደግሞ ከሥራዬ ሌላ አስተምር ነበር። ሰባኪ አይደለሁም፤ ድቁናም የለኝ። አፍ ግን አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው በጽዋ ማኅበራችን ነው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ በአቦ ስም፣ አሥራ አምስት ሆነን በየተራ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ አንድ ሰው ቃል እንዲያሰማ ይጠየቃል፤ ያኔ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ ጋሽ ከበበው ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረኝም። ጠዋት ኃይሌ ጋርመንት ሰፈር ታክሲ ለመግባት ስጋፋ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ አስፋልቱ ላይ ቀርቶ ነበርና ስለ እሱ አወራሁ። ተጋፍቼ ገባሁ፣ ወንበርም አገኘሁ፣ ስቀመጥ ግን እግሬ ባዶ ነበር አልኳቸው። ስንቱን ተጋፍተን የምንይዘው የቆምንበትን ጥለን ነው አልኩ። እናቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ከበበው ዓይናቸውን ጠረጉ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የተመለስኩት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር እንዲያው አያልፈኝም። ቁልፉን ውስጥ ረስቼ በሩ ሲዘጋብኝ፣ ያሰጣሁትን ሸሚዝ ዝናብ ሲያበሰብስብኝ፣ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ መብራት ሲጠፋ፣ ከሁሉም ትምህርት አወጣለሁ። ጋሽ ከበበው "ይሄማ ለብዙ ሰው መድረስ አለበት" ስላሉኝ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩ። ስሙን "የዕለት ፍርፋሪ" አልኩት። ከላይ ቀን እጽፋለሁ፣ ቀጥሎ የሆነውን ነገር፣ ከሥር ትምህርቱን። ቀን መጻፉ የመዝገብ ቤት ልማድ ነው፤ ቀን የሌለው ወረቀት ያስጠላኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ሺህ ሰው ይከተለኝ ጀመር።

ችግሩ፣ በአንድ ሰው ላይ በየቀኑ ጉድ አይደርስም። ጫማ በየሳምንቱ አይገነጠልም። ባለፈው መስከረም ሃያ የምጽፈው አልቆብኝ ስልኬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ተሰበረ።

ሄጄ ሳይ ተናኘ ስባሪውን አልለቀመችም። ቆማ ግራ እጇን እየገለበጠች ታያለች፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

"ከእጄ አመለጠኝ" አለች። "ይዤው ነበር እኮ። መያዜን አውቃለሁ።"

"ለበጎ ነው" አልኳት። ስባሪውን እኔ ለቀምኩና ወደ ስልኬ ተመለስኩ። ይዘነዋል የምንለው ነገር ሁሉ እጃችን ላይ የቆየው በእኛ ብርታት እንዳልሆነ ጻፍኩ። የሐዋሳዋ ሴት ያነበበችው ይህን ነው።

ጥቅምት ሦስት ቀን ሻይ ስትቀዳልኝ ከኩባያው በስተግራ ጠረጴዛው ላይ ቀዳችው። ፈሶ ጉልበቴ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ መቅዳቷን አላቆመችም። "ተናኘ፣ የት ነሽ?" ብዬ ሳቅኩ። እሷ ደነገጠች። እኔ ግን ጸጋው ሳይቋረጥ እየፈሰሰ ጽዋችንን ቦታው ላይ ስላላስቀመጥን ስለ እኛ ጻፍኩ። ጥቅምት አሥራ አንድ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ግራ ትከሻዋ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ከአሥር ዓመት በላይ የወጣችበት የገባችበት በር ነው። ስለ ጠባቡ በር ጻፍኩ።

ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት ያዘዛት አርባ ሸሚዝ ተመለሰባት፤ ኮሌታው ሁሉ በአንድ በኩል ተጣሟል። በሥራ ዘመኗ አንድ ቁልፍ እንኳ ተመልሶባት አያውቅም። ሸሚዞቹን ሶፋው ላይ ከምራ አጠገባቸው ተቀመጠች። በቀኝ እጇ ግራ እጇን ታሻሸዋለች።

"ቀኙ መዘውሩን ነው የሚያዞረው" አለችኝ። "ጨርቁን የሚመራው ግራው ነው። ግራው እምቢ አለኝ፣ ወጌ።"

እንግዲህ ሴትዮዋ እጄ እምቢ አለኝ አለችኝ። በጥሩ አማርኛ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነው የነገረችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? መሪ የሌለው ሕይወት እንዴት እንደሚጣመም ጻፍኩ። "የተጣመመ ኮሌታ" ብዬ ርእስ ሰጠሁት፤ ርእሱ ራሱ ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰባት መቶ ሰው የልብ ምልክት አደረገበት።

የኅዳር አቦ ተራው የእኛ ነበር። ተናኘ ሦስት ቀን ሙሉ ሽር ጉድ ስትል ሰነበተች። ማኅበርተኛው ሁሉ ቻናሌን ያነባል። ዳቦውን ይዛ ስትገባ ጋሽ ከበበው ፈገግ ብለው፣ "ተናኘ፣ ዛሬስ ምን ሰብረሽ ልታስተምሪን ነው?" አሏት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ክፋት የላቸውም፤ ይወዷታል። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ጠላ ለመቅዳት ጆጉን ስታነሳ አሥራ አራት ሰው እጇን ያያል። እኔም አያለሁ። ምን ሆና ይሆን ብዬ አልነበረም። ይወድቅ ይሆን ብዬ ነው። መናገሩ ያሳፍራል፤ ግን እንዲወድቅ ፈልጌ ነበር። እሷ ጆጉን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ለሁሉም ቀዳች። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"ወጌ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እኔን አትጻፈኝ።"

"ስምሽን መቼ ጠራሁ?"

"ስሜን ማን ያጣዋል? መካኒሳ ገበያ ስገባ እንኳ 'ብርጭቆዋ መጣች' ይሉኛል።"

"ስንት ሰው እንደሚጽናናበት ብታውቂ እንዲህ አትይም። ትዕቢት እንዳይሆንብሽ፣ ተናኘ።"

ትዕቢት አልኳት። አሥራ አራት ሰው የሳቀባትን ሳቅ አብራ የሳቀችውን ሴት ነው። ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቴ ምንም ነገር አልወደቀም። ብርጭቆዎቹ ከመደርደሪያው ተነሥተው የፕላስቲክ ኩባያ ተተካ። ምግቡን እኔ ከመምጣቴ በፊት አቅርባ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ባለሁበት አንድም ነገር አታነሳም። ሱቋን ዘጋች፤ የስፌት መኪናው ተበላሽቶ ለሚጠግን ሰው ሰጥቼዋለሁ አለችኝ። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለቴ ነው። ከታች ካለው ቧንቧ ጀሪካን የምታወጣው ሁልጊዜ ተናኘ ነበረች፤ እኔ ወገቤን ያመኛል። አሁን በራችን ፊት ለፊት የምትኖረው ሲሃም ታወጣልን ጀመር። ሲሃም ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ ቀጠን ያለች፣ የማትቀመጥ ሴት ናት። ምነው ደከምሽ ስላት "ለስፖርት ብዬ ነው፣ ጋሽ ወጋየሁ" አለችኝ። አመንኳት። ማመኑ ይመቸኝ ነበር።

የነቢያት ጾም ሲገባ ተናኘ እንቅልፍ አበዛች። ራሷን በሻሽ ጠፍራ ታስራለች። "ያመኛል፣ ግን ይተወኛል" ትላለች። ጾሙ ነው አልኩ። በታኅሣሥ አጋማሽ ምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። "በቤቴ ዕቃ መሰበር ቆሟል" ብዬ ጻፍኩ። ትምህርት ከሁሉ በፊት የራስን ቤት ሲያቀና ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ጻፍኩ። ለዚህም የልብ ምልክት ተደረገለት።

ጥር ሃያ አምስት ቀን ጠዋት፣ ለሥራ ልወጣ ሸሚዜን እየቆለፍኩ ሳለ፣ ከመታጠቢያ ቤት ከባድ ድምፅ ሰማሁ። ዕቃ መሰለኝ። ልዋሽ አልችልም፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "በመጨረሻ" የሚል ነበር።

በሩን ስገፋው እምቢ አለኝ። የያዘው ሰውነቷ ነበር። በክፍተቱ ግራ እግሯ ሲንፈራገጥ፣ ነጠላ ጫማዋ ግድግዳው ሥር ተወርውሮ አየሁ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ሲሃም ከማዶ በባዶ እግሯ መጣች። እኔ ከበሩ ጋር ስታገል እሷ በጎን ሾልካ ገባች። ተናኘን በጎኗ አስተኛቻት፣ ፎጣ አጥፋ ከራሷ ሥር አደረገችላት፣ ራሷን ያሰረችበትን ሻሽ ፈታችላት።

"ይቆማል፣ ጋሽ ወጋየሁ" አለችኝ። "አይጩኹባት። ባለፈውም ቆሟል።"

"የቱ ባለፈው?"

እሷ የተናኘን አፍ ጠረገች። መኪና ተጠራ። ከጎረቤት ወንዶች ጋር ተናኘን በብርድ ልብስ አድርገን ደረጃውን መውረድ ጀመርን። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሲሃም ከፊት ሆና፣ "እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ እዚህ ጋ ነው ሁለቴ የወደቀችው" አለች። ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ብርድ ልብሱን እንዳልለቅ ብቻ ነበር የማስበው።

ሆስፒታል የራስ ቅሏን ምስል አነሱ። ዶክተር ኦሊያድ የሚባል ወጣት ሐኪም ክፍሉ ጠርቶ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። በቀኝ በኩል እንቁላል የሚያህል ነጭ ነገር ይታያል።

"ዕጢ ነው" አለኝ። "የግራውን አካል የሚያዘው ቀኙ አንጎል ነው። ነገ ጠዋት እንከፍተዋለን። ከዚያ በፊት ግን መቼ እንደጀመራት ማወቅ አለብኝ፤ በምን ፍጥነት እንዳደገ የማውቀው ከዚያ ነው።"

"ዛሬ ጠዋት ነው" አልኩ።

"ከዚያ በፊትስ? ዕቃ ከእጇ ያመልጣል? ከበር ጋር ትጋጫለች? ስትቀዳ ታፈሳለች?"

ልጁ የእኔን ቻናል የሚያነብልኝ መሰለኝ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና ወደ መስከረም ተመለስኩ።

"መስከረም ሃያ። ብርጭቆ ሰበረች። ይዘነዋል የምንለው ነገር ሁሉ..."

"እሱ ይቆይ፣ አባቴ። ቀኑንና የሆነውን ብቻ ይንገሩኝ። በየትኛው እጅ ነበር?"

"በግራ።"

"ቀጥሎ?"

"ጥቅምት ሦስት። ሻዩን ከኩባያው በስተግራ አፈሰሰችው።"

"ስታፈስ ታውቃለች?"

"አታውቅም ነበር።"

"ቀጥሎ?"

"ጥቅምት አሥራ አንድ። ከበሩ ጋር ተጋጨች። በግራ ትከሻዋ።"

እንዲህ እያልኩ ስምንት ቀን አነበብኩለት። እሱ ይጽፋል። በየመሐሉ የትኛው እጅ ይለኛል፤ እኔ ግራ እለዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት ስሠራ እንዲህ የተሟላ ፋይል ለማንም አስረክቤ አላውቅም። ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ "እንዲህ አድርጎ የመዘገበ ቤተሰብ አጋጥሞኝ አያውቅም" አለኝ። ማመስገኑ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ከኅዳር በኋላ የጻፉት የለም?"

"ከኅዳር በኋላ ተሽሏት ነበር።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይሄ በሽታ በራሱ አይሻልም" አለ።

ኮሪደሩ ላይ ሲሃም ተቀምጣ ነበር። ሄጄ ጠራኋት። መጀመሪያ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ ሐኪሙ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። ተናኘ አራት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለቴ ደረጃው ላይ፣ አንዴ ቧንቧው ጋ፣ አንዴ በራችን ሥር። ከአራቱ ሁለቱን ጊዜ እንደ ዛሬው ተንፈራግጣለች።

"ምዬላት ነበር" አለች። "ወላሂ ብዬ ምዬላት ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት፣ ከሄድኩ ባሌ ይሰማል ትለኛለች። ይስማ፣ ባልሽ አይደል እንዴ ስላት፣ 'ይጽፈኛላ' አለችኝ። እኔ ይሄ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ዶክተር። ምን እንደሚጽፋት አላውቅም።"

ዶክተሩ ወደ ስልኬ አየ።

"በጥቅምት አምጥቻት ቢሆን ኖሮስ?" አልኩት።

ወረቀቶቹን አስተካከለ። "ያኔ ትንሽ ነበር" አለኝ። ቆየት ብሎም፣ "ነገ የምንችለውን እናወጣለን። ሁሉን ማውጣት አይቻልም። ግራ እጇ ላይመለስ ይችላል። ላትነቃም ትችላለች፤ ይህን ልደብቅዎ አልችልም" አለ።

ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር በትንሽ ነገር ይናገራል እያልኩ ሦስት ዓመት አስተምሬአለሁ። ይናገራል፤ ዛሬም አምናለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ቤቴ ድረስ እየመጣ፣ በብርጭቆ፣ በሻይ፣ በበር መቃን፣ በአርባ ኮሌታ ተናግሮኛል። የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሚስትህ ታማለች፣ ሐኪም ቤት ውሰዳት። ይህን ሲሃም ሰምታዋለች። ትምህርት የማታወጣው ሲሃም። እኔ ግን ነገሩ አንሶ ስለታየኝ ከእሱ የተሻለ አድርጌ ጻፍኩለት። ራሴን ጠላሁት።

ከሰዓት በኋላ እንድገባ ፈቀዱልኝ። ፀጉሯን ላጭተዋታል። ግራ እጇ አንሶላው ላይ ተዘርግቷል፤ ቀኟን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

"ሲሃም ነገረችህ?" አለችኝ።

"ነገረችኝ።"

"አትቆጣት። ማላ ነበር።"

"ለምን ደበቅሽኝ፣ ተናኘ?"

ጣሪያውን እያየች መለሰችልኝ። ቃላቱ ከአፏ አንድ በአንድ ነው የሚወጡት።

"መጀመሪያ ደረጃው ላይ የወደቅኩ ጊዜ አፌ ደም በደም ሆኖ ነበር። እዚያው ተጋድሜ ምን አሰብኩ መሰለህ? እሞት ይሆን አላልኩም። ስለ ደረጃ ምን ይጽፍ ይሆን ነው ያልኩት። እንዲያውም በሐሳቤ አንዱን ጻፍኩልህ። ጥሩ ነበር።" ፈገግ ልትል ሞከረች፤ የአፏ ግራ ጎን አልተከተላትም።

እግሯን አቅፌ አለቀስኩ። ይቅር በይኝ አልኳት። ከዚህ ሌላ የምለው ነገር አጣሁ፤ እኔ አፍ አለኝ ባዩ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለች። "ክፉ ሰው አይደለህም። አሁን ግን ውጣልኝ፣ ወጌ።"

"ነገ ኦፕሬሽን እያለሽ የት ልሂድ?"

"ውጭ ሁን። ከሲሃም ጋር ልሁን። እንዴት እንደፈራሁ እንድታይ አልፈልግም። ካየህ ትጽፈዋለህ።"

ስልኬን አውጥቼ ቻናሉን እዚያው ፊቷ አጠፋሁት። ስልኩ የጠየቀኝን ሁሉ እርግጠኛ ነኝ እያልኩ ተጫንኩ። አራት ሺው ሰውም ጽሑፉም በአንድ ጊዜ ጠፋ። ስልኩን አዙሬ አሳየኋት። እያየችው ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አልተለወጠም።

"ይሄንንም አንድ ቀን ትናገረዋለህ" አለች።

ልክ ነበረች፤ ይኸው እየተናገርኩ ነው።

በማግሥቱ ሰባት ሰዓት ሙሉ የኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ተቀመጥን። ማኅበርተኞቹ መጡ። ጋሽ ከበበው አጠገቤ ተቀምጠው ትከሻዬን ያዙ።

"ወንድሜ፣ እግዚአብሔር በዚህ ምን ሊያስተምረን ፈልጎ ይሆን?" አሉኝ።

"ምንም" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሁሉም ዞር አለ። "ምንም አያስተምረንም፣ ጋሽ ከበበው። ታማ ነበር። አሥራ አምስት ሆነን እጇን እያየን አላየናትም።"

ሽማግሌው እጃቸውን ከትከሻዬ አወረዱ። ተቆጥተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ አልሄዱም። "ያን ቀን የቀለድኩት እኔ ነኝ" አሉ። ጎን ለጎን ተቀምጠን በሩን ማየት ቀጠልን።

ተናኘ በሦስተኛው ቀን ነቃች። ግራ እጇ አልመለስ አለ፤ ግራ እግሯም ደግፈው ካላቆሟት አይሸከማትም። ዶክተር ኦሊያድ የቀረውን ዕጢ በጨረር እናዳክመዋለን አለኝ። ስንት ጊዜ አላት ስለው፣ "አንድ ዓመት። ሁለት ከሆነ ደስ ይለናል" አለኝ። እሷም ጠየቀችው፤ ለእሷም አልደበቃትም። "ደህና" አለች፣ ልክ አንድ ደንበኛ ልብሱን መቼ እንደሚወስድ የነገራት ያህል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አራቱን ፎቅ በወንበር ተሸክመን ወደ ቤት አወጣናት። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። አሁን ጀሪካኑን የማወጣው እኔ ነኝ፤ ወገቤም እስካሁን አልሞተም። ምግብ መሥራት ሲሃም አስተማረችኝ። ሳበላሽ ትስቅብኛለች፤ ተናኘም አልጋዋ ላይ ሆና አንዳንዴ ትስቃለች። ማኅበሩ ላይ ቃል እንዳሰማ አይጠይቁኝም። ለተናኘ ምንም ነገር ቢሆን እንደማልጽፍ፣ ለማንም እንደማላወራ ሃያ ጊዜ ምዬላታለሁ። "አውቃለሁ፣ ወጌ" ትለኛለች።

ትናንት ጠዋት አጥሚት ሠራሁላት። ለብ ሲል በኩባያ አድርጌ በቀኝ እጇ አስያዝኳት፤ ራሴ ካልጠጣሁ ትላለች። ከጀርባዋ ትራስ ደገፍኩላትና ማንኪያ ላመጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ ከበሩ ላይ አየኋት። ኩባያው አዘንብሎ አጥሚቱ ከደረቷ እስከ ጭኗ ፈሷል። የእግሬን ኮቴ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ብርድ ልብሱን በደህናው እጇ ጎትታ እስከ አገጯ ተሸፋፈነች። ባዶውን ኩባያ ከትራሱ ጎን አቆመችው።

"ጨረስሽው?" አልኳት።

"ጨርሼዋለሁ። ጥሩ ነበር" አለች። ብርድ ልብሱን አጥብቃ ይዛዋለች። ዓይኖቿ ዓይኖቼን ይከተላሉ። እንደፈራችኝ ገባኝ።

ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለበት ፎጣ አውርጄ አጠገቧ አስቀመጥኩላትና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከኋላዬ ብርድ ልብሱ ሲገለጥ፣ ፎጣው አንሶላውን ሲያሽ፣ እሷም ትንፋሽ እያጠራት ስትታገል እሰማ ነበር። ልርዳሽ አላልኳትም። ጠርጋ እስክትጨርስ ድረስ ጀርባዬን ሰጥቻት ቆምኩ።